ኪስ የሌለው ካባ

ሰው ሚስት ሲያገባ የሚደብቀው ነገር አያጣም። አንዱ ዕድሜውን ይደብቃል፤ አንዱ ማንኮራፋቱን። አንድ ጎረቤቴ መላጣውን በባርኔጣ ሸፍኖ እስከ ሠርጉ ማግስት ዘልቋል። እኔ የደበቅሁት ስኳር ነው። በጆንያ ተቀምጦ ቀበሌ ሲሰማ የሚወርሰውን እንዳይመስላችሁ። እሱንማ ማን አግኝቶ! በደሜ ውስጥ ያለውን፣ ቀበሌም አብዮት ጥበቃም ቢመጣ የማይወርስልኝን ነው የምላችሁ።

በሽታው ሲጀምረኝ ላጤ ነበርሁ። ባሕር ዳር፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። ማሽን ሲንተፋተፍ ከሩቅ ሰምቼ "ይቺን እዚህ ጋ ነው ያመማት" የምል፣ በሙያዬ የማልታማ ሰው ነኝ። የራሴ ማሽን ሲንተፋተፍ ግን አልሰማሁም። ውኃ ጥም ያዘኝ፤ ጣና አጠገብ ባልኖር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር? የጠጣሁት ደግሞ አይቀመጥም። ሰዓት እላፊ እየጣስሁ ወደ ሽንት ቤት ስመላለስ የቀበሌያችን ተረኛ ጥበቃ ጠረጠረኝ።

"ጓድ፣ በዚህ ሰዓት ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?" አለኝ።

"ከፊኛዬ ጋር" አልሁት። ፊኛ የሚባል ድርጅት መኖሩን ሊያጣራ ሄደ መሰለኝ፣ ለጥቂት ቀን ተወኝ።

በኋላ ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ ሲያስቸግረኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አስቀመጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ፣ ከዚያ "ስኳር በሽታ ነው፤ መርፌው የዕድሜ ልክ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚባለውን ቃል ከሬዲዮ እንጂ ከሐኪም አፍ ሰምቼው አላውቅም። "ይግባኝ የለውም?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መርፌው አይደለም የከበደኝ። መርፌውንስ እየቀቀልሁ መውጋት ቶሎ ለመድሁ፤ የእጅ ሙያ አላጣም። የከበደኝ ሐሳቡ ነው። እንጀራ ባየሁ ቁጥር መፍራት፤ ብበላም መፍራት፣ ባልበላም መፍራት። ሰው ሲጋብዘኝ የጠላት ያህል መሸሽ። ይህን ሁሉ ደግሞ ለብቻ፣ ለማንም ሳይናገሩ። አንድ ቀን ከጣና ዳር ቁጭ ብዬ "እኔን ለምን? ምን አጠፋሁ?" እያልሁ ስነፋረቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አስጠግቶ አየኝና፣ ርቦኝ መስሎት ሁለት ዓሣ ወርውሮልኝ ሄደ። ዓሣውን ጠብሼ በላሁ። ልቅሶ አያጠግብማ!

መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ ተብያለሁ። በእኛ ሰፈር ፍሪጅ በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ፣ ውኃ በሞላ ገንቦ ውስጥ አንጠለጠልሁት። ገንቦዬን ጓዳ ጥግ አቁሜ እንደ ታቦት አከበርሁት።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው የውብዳር የመጣችው። የዘጌ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር አስተማሪ። አባቷ መሪጌታ ፈንታ ከደብራቸው አልፈው ማዶ ድረስ የታወቁ የቅኔ መምህር ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው ስለ ዘሬም ስለ ደመወዜም አልጠየቁም። "ልጁ ጤነኛ ነው?" ብቻ አሉ። "ልጄን አስታማሚ አድርጌ አልድርም።" ሽማግሌዎቼ ምን ያውቃሉ? "እንደ ብረት ነው!" ብለው ማሉ። ብረት ይዝጋል፤ ይህን የምናውቅ እኛ የጥገና ሰዎች ብቻ ነን።

መሐላውን ሰማሁ። አሁን ብናገር ሽማግሌዎቼ በሐሰት የማሉ ሊሆኑ ነው፤ የውብዳርም ልትቀርብኝ ነው። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሠርጉ በቀበሌው አዳራሽ ተደገሰ፣ ተጨፈረ፣ አገባሁ። መልሱ ዘጌ፣ በወላጆቿ ቤት እንዲሆን ተቆረጠ፤ ግን ከፋብሪካው ሌላ ፈቃድ እስካገኝ ተራዘመ። እናም ለእነዚያ ሳምንታት በገዛ ቤቴ ሌባ ሆኜ ኖርሁ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ብልቃጤን ከገንቦው አውጥቼ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። የውብዳር "ወዴት ነው በማለዳው?" ስትለኝ "ስፖርት" እላለሁ። እኔና ስፖርት! ሻይ ስታፈላልኝ "ያለ ስኳር" እላለሁ። "ለምን?" ትላለች። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ "ሕዝቡ በሰልፍ እየተጉላላ እኔ በሻይ ስኳር አልጠጣም፤ ሕዝቡ ይቅደም" ብዬ አረፍሁ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ለሊቀ መንበሩ ነገረ። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ አስነሥተው አቆሙኝና "ስኳርን በአብዮታዊ ቆራጥነት የተወ አርአያ ጓድ!" ብለው አስጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲያ ሰፈርተኛው ሁሉ በሻይ ጊዜ በክፉ ዓይን ያየኝ ጀመር። አርአያ መሆን እንዲህ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

የውብዳር እያጨበጨበች ነበር። ፊቷ ላይ አንድ ፈገግታ አየሁ፤ ኩራት መሰለኝ።

የመልሱ ቀን ደረሰ። እንደ ልማዴ ማለዳ መርፌዬን ወጋሁ። መርፌ ከተወጉ ምግብ መከተል አለበት፤ አለዚያ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ተንጠፍጥፎ ያልቅና ሰው ይዘረራል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ሐኪሙ "ኪስህ ውስጥ ስኳር አይለይህ" ስላለኝ ከቀበሌ የተሰፈረችልንን በወረቀት ጠቅልዬ በኮቴ ኪስ ከትቻለሁ። "ቁርስ ብሉ" ስንባል ሚዜዬ ጌታሁን "አማት ቤት የሚሄድ ሆድ ባዶ ይሁን!" ብሎ ወደ ጀልባው አጣደፈን። እኔም ዘጌ ቅርብ ነው፣ እንደ ደረስን እንበላለን አልሁ። ኪሴ አለ፣ ስኳሬ አለ። ምን እሆናለሁ?

ጌታሁንን ላስተዋውቃችሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ጥገና ክፍል ይሠራል። የማያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ በመናገር አቻ የለውም። ዘጌ ወደብ ደርሰን የሙሽራ ካባዬን ልደርብ ስል አየኝና ጮኸ።

"ኮት ላይ ካባ? ኧረ አራዳ ሁን! ጎባጣ መሰልህ እኮ!"

ኮቴን ከላዬ ገፎ ጀልባው ውስጥ ወረወረው። ካባው በወርቅ ክር የተጠለፈ፣ ንጉሥ የሚያስመስል ካባ ነው። መንገዱን በቡናው ጥላ ሥር እየተዘፈነልን ስንወጣ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ። ኪስ የለም። ዞሬ አየሁ። ጀልባው የቀሩትን እንግዶች ሊያመጣ ኮቴንና ስኳሬን ይዞ ወደ ባሕር ዳር እየተመለሰ ነው። ንጉሥ የሚያስመስል ልብስ ሁሉ ኪስ የለውም፤ ንጉሥ በኪሱ ምን ይይዛል?

መሪጌታ ፈንታ ደጃፍ ላይ ተቀበሉን። ረጅም ናቸው፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሲቆሙ የቤቱ ምሰሶ ይመስላሉ። አማቴ እትዬ ትጓደድ እልል እያሉ ጉልበታቸውን አስሳሙን። ከዳሱ ገባን፤ የውብዳር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከጎኔ ተቀመጠች። ከፊታችን መሶቡ ተከፈተ። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ! እጄን ላነሣ ስል ጌታሁን ከካባው ሥር አንጓዬን ጨበጠ።

"ሙሽራችን አይበላም!" አለ በሙሉ ድምፁ።

ወይ ጉዴ! ረስቼዋለሁ። በእኛ አገር አማች በመልሱ ቀን የአማቱን ገበታ ዝም ብሎ አይቆርስም። ስጦታ እስኪሰየምለት ድረስ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሚዜው ይከራከርለታል። ቶሎ የበላ ሆዳም ይባላል፤ የቆየ ኮስታራ።

"ለምን አይበላም ልጄ?" አሉ መሪጌታ፤ ክርክር እንደሚወዱ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

"አፉን የሚከፍትለት አጣ!"

"አንድ ጋቢ ሰጥቸዋለሁ።"

"አይበርደውም!"

"ዳዊት ልስጠው፤ በብራና የተጻፈ።"

"አመሰግናለሁ አባታችን" ልል አፌን ስከፍት ጌታሁን አንጓዬን አጠበቀው። "እሱ በሬ ነው የሚፈልገው!" አለ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ዘጌ በሬ የለም። በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ከጥንት ጀምሮ የገዳሙ ጻድቅ የገዘቱት አገር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጌታሁን ብቻ ነበር። መሪጌታ ደግሞ የማያውቅ ሰው ሲያገኙ ማስተማር ይወዳሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው የጻድቁን ታሪክ ከጥንቱ ጀመሩ።

ታሪኩ ያምራል። በሌላ ቀን ቢሆን እንባዬ ይመጣ ነበር። በዚያ ቀን ግን የመጣው ላብ ነው። በመጀመሪያ ከንፈሬ ደነዘዘ። ከዚያ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ላቡ ከግንባሬ እስከ ካባዬ ወረደ። የማውቀው ነገር መጣ። ፈራሁ፤ የምሬን ፈራሁ። "አሞኛል፣ ልብላ" ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ግን "ምን አመመህ?" ቢሉኝስ? ሽማግሌዎቼ "እንደ ብረት" ያሉበት ቤት ነው። ሚስቴን ከማጣ ሞት ይሻለኛል ብዬ አፌን ዘጋሁ። ሞኝነት ልክ የለውም።

ሕዝቡ ደግሞ ላቤን እያየ አደነቀ። "እንዴት ያለ ጨዋ አማች ነው! አማቱን አፍሮ ላብ አሰመጠው!" አለ አንዱ። "የዛሬ ልጅ እንዲህ ያፍራል?" አለች ሌላዋ። ጌታሁን መንቀጥቀጤን በእጁ ሲሰማ "ሙሽራችን ተቆጥቷል! ስጦታው ከፍ ይበል!" አለ። መሪጌታ የቡና ግንድ መስጠት ጀመሩ። "መሬቱስ የመንግሥት ሆኗል፤ ቡናውን ግን ተክዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ግንድ ወስዷል" አሉ። ጌታሁን "ሦስት ግንድማ ለሻይ ቤትም አይበቃ!" አለ። ሁለት መሪጌታ ሆኑብኝ። አንዱ ብቻቸውን እንኳ ይበቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። የካባዬን ዘርፍ ወደ አፌ ከትቼ ማኘክ ጀመርሁ አሉ። ሁለት ሦስቴ አኘክሁና "ጨው አነሰው" ብዬ በጎኔ ተጋደምሁ።

እትዬ ትጓደድ ደረታቸውን ደቁ። "ኧረ ልጄን! ቡዳ በላብኝ! ከወደብ ጀምሮ ሲበሉት የመጡ ዓይኖች ናቸው! ካባውን አይተው ነው!"

አዎ፣ ሌላ ምን ይመስላል? ያማረ ሙሽራ፣ የወርቅ ካባ፣ ሰው የሞላበት ዳስ፣ ድንገት መዘረር። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ባፍንጫዬ ተያዘ፣ ጠበል ፊቴ ላይ ተረጨ። መሪጌታ መቁጠሪያቸውን በአንገቴ አጠለቁ። ክርክራቸውን ከእኔ ሚዜ ወደ እኔ ቡዳ አዞሩት።

"ማነህ አንተ? ከየት ያዝኸው?"

እኔ እህህ አልሁ።

"ተናገር በእግዚአብሔር ስም! ምን ትፈልጋለህ?"

በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሆኜ ይህቺ ጥያቄ ጆሮዬ ገባች። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ የቆየውን ጥያቄ ጠየቁኝ። በቀረችኝ ትንፋሽ "ስኳር" አልሁ።

ቡዳ አመድ ይጠይቃል፣ የጅብ ጠጉር ይጠይቃል፤ ስኳር የጠየቀ ቡዳ በዘጌ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም።

"የከተማ ቡዳ ነው!" አለ አንዱ።

"ምነው ቀለል ያለ ነገር ቢጠይቅ!" አሉ እትዬ ትጓደድ እያለቀሱ። "ስኳር ካየን ስንት ጊዜያችን! እንደው በማር አይታረቀንም?"

"ማሩ ሁሉ በጠጁ ገብቷል" አለች የጓዳዋ ሴት።

"ቆይ፣ የጠየቀውን ከሰጠነው ይለምዳል" አሉ መሪጌታ። "መጀመሪያ ስሙን ይናገር!"

ሊከራከሩ ነው! ከሞቴ ጋር ሊከራከሩ ነው! ያን ጊዜ ነው የውብዳር የተነሣችው። ሙሽራ በመልሷ ቀን አትነሣም፣ ቃል አትናገርም፣ ፊቷንም አትገልጥም። የእኔዋ ክንብንቧን ወደ ኋላ ጣለች፤ "ዞር በሉልኝ!" ብላ አባቷን በትከሻዋ ገፍታ አለፈች። የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ጫፏ ተቋጥራለች። በጥርሷ ፈታቻት።

ውስጧ ስኳር ነበር። ነጭ፣ ደቃቅ፣ ከቀበሌ የተሰፈረ ስኳር። አፌን በጣቷ ፈልቅቃ ከጉንጬና ከጥርሴ መሐል አድርጋ አሸችልኝ፤ እየዋጥሁ ስመጣ ደግማ ጨመረች።

ቀስ በቀስ የዳሱ ጣሪያ ወደ ቦታው ተመለሰ። መሪጌታም አንድ ሆኑ። መጀመሪያ ያየሁት የውብዳርን ዓይን ነው፤ እንባ አቅርሯል፣ ደግሞ ተቆጥቷል።

"ታውቂ ነበር?" አልኋት።

"ከገንቦው ውኃ ስቀዳ ክሩን ያገኘሁት በገባሁ በሳምንቴ ነው" አለች፤ ሰው መስማቱ ግድ አልሰጣትም። "መስተፋቅር ያሠራህብኝ መስሎኝ ነበር! ብልቃጡን ይዤ ሐኪም ቤት ድረስ ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬን ሳልቋጥር ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ... ስፖርት አልኸኝ!"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ረሃብ ነው። ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ካሁን በኋላ የሚደበቅ ምን ቀረ? ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ "አባታችን፣ ቡዳ አይደለም። የስኳር በሽታ አለብኝ። ሽማግሌዎቼ አላወቁም፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ልጅዎን እንዳይነሱኝ ፈርቼ ነው" አልሁ። ስንት ዘመን የተሸከምሁት ነገር በአንዲት ትንፋሽ አለቀ። እንዲህ አጭር መሆኑን ባውቅ ኖሮ!

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር አባባ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ስኳሩን ይዤ መጣሁ።"

መሪጌታ መቁጠሪያቸውን ከአንገቴ አወለቁ። "መድኃኒት አለው?" አሉኝ።

"አለው፤ በየማለዳው የምወጋው።"

"ከምን ይሠራል?"

"ከበሬ ቆሽት" አልሁ። አንዳንዱ ከአሳማ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር ጥሩ አይደለም።

"ይገርማል" አሉ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መድኃኒቱን ጭምር የደበቀ ግን አንተን አየሁ።" ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከሆዳቸው ወጣ። "እኔ የፈራሁት ልጄ አስታማሚ ሆና እንዳታለቅስ ነበር። አሁን ሳያት ግን በሽታው ራሱ ይፍራት! በል ብላ።"

እጄን ወደ መሶቡ ስልክ ጌታሁን አንጓዬን ያዘ። "ቆይ! የግንዱ ነገር ገና አልተቆረጠም!"

ዳሱ በሙሉ ጮኸበት። እትዬ ትጓደድ የዶሮውን ብልት በእጃቸው ይዘው ለእሱ አጎረሱት፤ አፉን የዘጋንለት በዚህ ነው። እኔም በላሁ። ሰው እያየኝ፣ ሳልፈራ፣ ልክ ልኬን በላሁ። ከዚያ ወዲህ መርፌዬን የምወጋው እቤቴ፣ ቁጭ ብዬ፣ የውብዳር ሻይ እያፈላች ነው። ቡናዬም መሪጌታ ጨምረውበት አስር ግንድ ሆኖ ጸደቀልኝ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውብዳር ታናሽ እህት አገባች። ሙሽራው የሐሙሲት ልጅ ነው፤ አንገቱ የጎሽ፣ በሽታ በአጠገቡ ለማለፍ የሚፈራው ጎረምሳ። የመልሱ ቀን መሶቡ ተከፈተ፣ ሚዜው "አይበላም!" አለ። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ክንብንቧን ጥላ ተነሣች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ፈትታ ስኳር አወጣችና ለባሏ አቀመሰችው። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ነው ክርክሩ የተጀመረው።

አጠገቤ የተቀመጡትን አሮጊት "እማማ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኋቸው።

"የዘጌ ወግ ነው ልጄ" አሉኝ በንቀት። "ከጥንት የነበረ ነው። እናንተ የከተማ ሰዎች ምን ታውቃላችሁ!"

ወደ መሪጌታ ዞር አልሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው የዳሱን ጣሪያ ይመለከታሉ።

"አባታችን፣ እውነት ከጥንት የነበረ ነው?"

"ከአባቶቻችን የወረስነው ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያወርዱ።

የውብዳር ከጎኔ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገችው። በእጄ ዳበስሁት። ተቋጥሯል።